ቁጥሩ ልክ፣ ጊታሩ ፎርጂድ

(ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ምልክት፦ ልትገዙት ያሰባችሁት የኤሌክትሪክ ጊታር የ1963 ፌንደር ስትራቶካስተር ነው ተብላችኋል። ሴሪያል ቁጥሩም ከዘመኑ ጋር ይገጥማል። ግን የሆነ ነገር አላማራችሁም።

ምክንያት፦ ያኔ ቁጥሩ የሚታተመው አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚታሰርበት ብረት ላይ ነው። በአራት ብሎን የተያዘች ቁራጭ ናት። ተፈትታ ሌላ ጊታር ላይ ብትታሰር ማን ያውቃል?

መፍትሄ፦ ይከፈት። ሻጩ «አይነካብኝም» ካለ ሂሳቡ እዚያው ይዘጋ። ክሮቹን አላልታችሁ አንገቱን ፍቱ። ተረከዙ (ከአካሉ ጋር የሚገጥመው የአንገቱ ጫፍ) ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀን ታትሞ ወይም ተጽፎ ይገኛል። ቀጥሎ የቮልዩምና የቶን ፖቶቹን (ከማዞሪያ ቁልፎቹ ሥር ያሉትን የኤሌክትሪክ ክፍሎች) ጀርባ እዩ። ለምሳሌ 3046320 ቢል፣ 304 አምራቹ ስታክፖል ነው፤ 63 ዓመቱ፣ 20 ሳምንቱ። በ137 ከጀመረ አምራቹ ሲቲኤስ ነው።

ፖቱ ከጊታሩ ቀድሞ ቢሠራ ችግር የለውም። ፌንደር በ1966 የተሠሩ ፖቶችን አከማችቶ ለዓመታት ሲገጥማቸው ኖሯል። ፖቱ ከጊታሩ በኋላ የተሠራ ከሆነ ግን ወይ ተቀይሯል፣ ወይ ጊታሩ ራሱ ውሸት ነው። ብየዳው ተነካክቶ እንደሆነ ተመልከቱ። የተቀየረ ፖት ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ጊታሩን ፎርጂድ አያደርገውም።

ምልክት፦ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

በምላጭ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የእውነተኛ የድሮ ላከር (የጊታሩ የላይ ቅብ) ስንጥቅ ቀጭን ነው፤ እንደፈለገው ይሄዳል። የተላጠውም ቦታ ይናገራል፦ ክንድ የሚያርፍበት ጠርዝ ሳይነካ ክንድ የማይደርስበት ከተላጠ ጠርጥሩ። ክፍሉን አጨልማችሁ አልትራቫዮሌት መብራት አብሩበት። የድሮ ናይትሮ ላከር ቢጫ አረንጓዴ ያበራል፤ በቅርብ የተቀባው ቦታ ጠቆር ብሎ ይቀራል።

ምልክት፦ የ1959 ጊብሰን ሌስ ፖል፣ ከጭንቅላቱ ጀርባ ግን «ሜድ ኢን ዩኤስኤ» የሚል ማኅተም አለ።

ጊብሰን ይህን እንጨቱ ላይ መምታት የጀመረው በ1970 አካባቢ ነው። ጎበዝ አጭበርባሪ ማኅተሙን ሞልቶ፣ ፍቆ ይቀባዋል። መብራቱን ከጎን አስጠግታችሁ ጭንቅላቱን አዘንብሉት፤ የተሞላው ቦታ ሰርጎድ ወይም ጉብ ብሎ ይታያል።

ቤዝ ከሆነስ? ምርመራው ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ፌንደር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የድሮዎቹን ፕሪሲዥንና ጃዝ ቤዞች አምሳያ ራሱ መልሶ ይሠራል። ስለዚህ «የፌንደር ዕቃ ነው» ማለት «የድሮ ነው» ማለት አይደለም። አንገቱ የ1962፣ አካሉ ደግሞ የአምሳያው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን የምትገዙት ከሆነ አንገቱን ለብቻው ገምቱት።