አሮጌ የስኪ ጀልባ ለጣና ስትጠገን፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄውና ወጪው

ባሕር ዳር ላይ አሮጌ የስኪ ጀልባ (በውሃ ላይ የሚንሸራተት ሰው የምትጎትት ፈጣን ጀልባ) ለሽያጭ ስትቀርብ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ቀለም ተቀብታ ነው። ገዢ ቀለሙን ያያል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ይስማማል። ገንዘቡን የሚበላው ግን ከቀለሙ ሥር የተደበቀው እንጨት ነው። የፋይበርግላስ ጀልባ ሁሉ ነገሯ ፋይበር አይደለም። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ (ትራንሰም) በውስጡ ኮምፔንሳቶ አለው፤ ከወለሉ ሥርም ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉ ተሸካሚ እንጨቶች አሉ። የጣና ውሃ ጨው የለውም፤ ጨው በሌለው ውሃ ደግሞ እንጨት ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል አይቀየርም፦ መጀመሪያ እንጨቱ፣ ቀጥሎ ሞተሩ፣ ቀለም መጨረሻ። ከታች ያሉት መጠኖች ለ5 ሜትር ጀልባና በኋላዋ በውጭ በኩል ለሚታሰር ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር የተሰሉ ናቸው።

የኋላ ግድግዳው ይንቀሳቀሳል

ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ የእግሩን ታች ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ግፉ። ሌላ ሰው ግድግዳው ከጎኖቹ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ ይመልከት። ግድግዳው ከተለጠጠ ወይም ጥጉ ላይ ስንጥቅ ከተከፈተና ከተዘጋ ውስጡ በስብሷል። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉት፤ ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ ነው። ጥርጣሬውን ለመቁረጥ ከውስጥ በኩል በ5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ሦስት አራት ቦታ ብሱ። የሚወጣው ብናኝ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ግድግዳው መቀየር አለበት።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የብሎን ቀዳዳ ነው። የሞተሩ ብሎኖች የሚያልፉበት እንጨት እርቃኑን ስለሚቀር ውሃ በዚያ ይገባል። በብሎኑ ዙሪያ ሲሊኮን መጨመር ወይም በውጭ በኩል ላሜራ መግጠም መፍትሄ አይሆንም፤ እርጥበቱን ውስጥ አሽጎ መበስበሱን ያፋጥነዋል።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ከመቁረጣችሁ በፊት የጀልባዋን ሆድ ቅርጹን በሚከተሉ እንጨቶች ደግፉና በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ ይህ ከተዘለለ ወለሉ ሲወጣ ሆዷ ይጣመምና እንደተጣመመ ይደርቃል። የውስጠኛውን ፋይበር ከዳሩ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ በግራይንደር ቁረጡ፣ የበሰበሰውን አውጡ፣ የውጨኛውን ፋይበር አትንኩ። ግድግዳው በደንብ ይድረቅ። በ40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠርጋችሁ በአሴቶን አጽዱት። በካርቶን ልኩን ወስዳችሁ ሁለት ባለ 18 ሚሊ ሜትር የውሃ መከላከያ ሙጫ ያለው ኮምፔንሳቶ ቁረጡ። ሁለቱን አጣብቃችሁ በተወፈረ ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) ከውጨኛው ፋይበር ጋር አያይዙ፤ አሮጌዎቹን የብሎን ቀዳዳዎች ተጠቅማችሁ በብሎንና በጣውላ ጥብቅ አድርጉት። በላዩ አራት ድርብ ባለ 450 ግራም የፋይበር ምንጣፍ ይነጠፋል። እያንዳንዱ ድርብ ወደ ጎንና ወደ ሆድ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሻገር።

የሞተሩን ቀዳዳዎች በቀጥታ በብሎኑ ልክ አትብሱ። ብሎኑ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ 18 አድርጋችሁ ብሱት፣ በተወፈረ ኢፖክሲ (ሌላ ዓይነት ሬዚን) ሙሉት፣ ሲደርቅ መሃሉን በ12 ብሱ። ያኔ ብሎኑ እንጨት አይነካም። የስኪ ገመድ የሚታሰርባቸው ቀለበቶችም እንዲሁ ይሠሩ፤ ከኋላቸው ደግሞ ሰፊ የማይዝግ ብረት ሰሌዳ ይደረግ። ሰው የሚጎትት ቀለበት በሮንዴላ ብቻ አይያዝም።

ስለ ሬዚኑ ጠንቀቅ በሉ። ለአንድ ኪሎ ፖሊስተር ሬዚን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ማድረቂያ ይበቃል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ወደ 10፣ በታኅሣሥ ጠዋት ወደ 20። ከፋርማሲ የሚገዛ ትልቅ መርፌ ልኩን በትክክል ይሰጣል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ በላይ አትበጥብጡ። ማድረቂያው ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር ሳታደርጉ ክዳኑን አትክፈቱ። ሬዚኑ ለብቻው የሚሸጥ የኮባልት ማፋጠኛ የሚፈልግ ከሆነ ማፋጠኛውን ቀድማችሁ ከሬዚኑ ጋር አዋህዱ፤ ከማድረቂያው ጋር በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ። ክረምት ላይ ፋይበር አትሥሩ፤ በእርጥብ አየር የተነጠፈ ሳይጣበቅ ይቀራል። ጥሩው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ግንቦት ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ጤዛው እስኪለቅ ጠብቃችሁ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ጀምሩ። አንድ ነገር አትርሱ፦ ኢፖክሲ በፖሊስተር ላይ ይይዛል፣ ፖሊስተር ግን በደረቀ ኢፖክሲ ላይ በደንብ አይይዝም።

ወለሉ ዝቅ ይላል፣ ጀልባዋ ከብዳለች

ወለሉ ከእግር ሥር ዝቅ ካለ የወለሉ ኮምፔንሳቶ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቀላል ነው። ጀልባዋ ተሳፋሪ ሳይኖርባት ኋላዋ ጠልቆ ከተቀመጠች ግን ነገሩ ከወለሉ ሥር ባለው ፎም ነው። ፎሙ ለመንሳፈፊያ የተሞላ ነው፤ ለዓመታት ውሃ ውስጥ ሲኖር እንደ ሰፍነግ ይጠጣል። 200 ሊትር ፎም ግማሹን ውሃ ቢይዝ 100 ኪሎ ትርፍ ጭነት ነው፤ ይህም ዘወትር አብሯችሁ ይጓዛል። ወለሉ ላይ የእጅ መዳፍ ስፋት ያለው ቀዳዳ ከኋላ በኩል ከፍታችሁ ፎም አውጡና ጨምቁት። ውሃ ከወጣው ሁሉም ይውጣ፤ ፀሐይ አያደርቀውም።

ያኔ ተሸካሚ እንጨቶቹም ይታያሉ። ከበሰበሱ አንዱን አውጥታችሁ አንዱን ተኩ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካወጣችሁ ሆዱ ቅርጹን ይለቃል። እንጨቱ ቀጥ ያለና በደንብ የደረቀ ይሁን። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለመንሳፈፊያ አዲስ ፎም ማግኘት ካስቸገረ ክዳናቸው የታሸጉ ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖች ከወለሉ ሥር ጥብቅ ተደርገው ይታሰሩ፤ እያንዳንዱ ወደ 19 ኪሎ ያህል ያነሳል፣ ውሃም አይጠጣም። ውሃ ወደ ኋላ የሚፈስበትን መንገድ በተሸካሚዎቹ መካከል መተው ግዴታ ነው።

ስንጥቅና እብጠት

የላይኛው ሽፋን ላይ ያሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ሁሉ አያስፈሩም። ከአንድ ነጥብ ዙሪያውን የተበተኑ ከሆኑ ጀልባዋ ድንጋይ ነክታለች፤ በግንቦትና በሰኔ የሐይቁ ውሃ ዝቅ ሲል በዳርቻውና በደሴቶቹ መውረጃ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የሚያደርገው ነው። ከውስጥ በኩል ፋይበሩ ነጥቶ እንደሆነ እዩ። በቁመት ተሰልፈው ከሄዱ ግን ከሥራቸው ያለው ተሸካሚ ተሰብሯል፤ ያን ሳትጠግኑ ስንጥቁን ብትሞሉት ተመልሶ ይከፈታል።

ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ የምትቆም ጀልባ ሆዷ ላይ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ታወጣለች። ሲበሱ ኮምጣጤ የሚመስል ሽታ ካላቸው ውሃው ሽፋኑን አልፎ ሬዚኑ ውስጥ ገብቷል። ክፈቷቸው፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ለሳምንታት በጥላ አድርቁ፣ በኢፖክሲ ሙሉ። የመኪና ስቱኮ ከውሃ በታች አይገባም፤ ውሃ ይጠጣል፣ ይወድቃል።

ሆዷ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል

አሽትቱት፤ ቤንዚን ወይም ዘይት ካለው መንገዱ ይታወቃል። ካልሆነ ጀልባዋን የብስ ላይ አውጥታችሁ ውስጧን በውሃ ሙሉና ከውጭ የሚንጠባጠብበትን ፈልጉ፤ ግን ድጋፉ ክብደቱን የሚችል ይሁን፣ ከ10 ሴንቲ ሜትርም አትለፉ። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የማፍሰሻው ቡሽ መቀመጫ ነው፤ ፈታችሁ በሲካፍሌክስ (ውሃ በማያሳልፍ ማጣበቂያ) መልሱት።

ሞተራቸው መሃል ላይ ለሆኑት የድሮ የስኪ ጀልባዎች ዋናው በር ዘንጉ ሆዱን የሚያልፍበት ማሸጊያ ነው። ሲሠራ ጠብታ መጣል አለበት፤ ዘንጉን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ቆሞ የሚያፈስ ከሆነ ዳዶውን ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁ። ካልቆመ የማሸጊያው ገመድ ይቀየር፦ ሦስት ቀለበት፣ መገጣጠሚያቸው አንዱ ከሌላው ጋር እንዳይገጥም ሲሶ ሲሶ ዙር እየዞረ።

ኃይል አጥቷል

እዚህ ላይ ብዙ ሞተር ያለ ጥፋቱ ይፈታል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ 40 ፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር የሚሰጠው ወደ 33 ቢሆን ነው። መመሪያው 120 ፒ.ኤስ.አይ. የሚል የኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ግፊት) ልክ እዚህ 100 ገደማ ቢያሳይ ሞተሩ ጤነኛ ነው። የሚያሳስበው በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ሲኖር ነው፤ ያኔ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ወይም ጓርኒሲዮኑ (የሲሊንደር ክዳኑ ማሸጊያ) ይታያል።

ከዚያ የዙር መለኪያ አስራችሁ በሙሉ ጭነት ሙሉ ጋዝ ስጡ። ብዙ ባለሁለት ምት 40 ፈረስ ጉልበት ሞተሮች ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ሊደርሱ ይገባል። ከ4,500 በታች ከቀረ የፕሮፔለሩ ፒች (በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት) ለዚህ ከፍታ በዝቷል ወይም ጀልባዋ ውሃ ተሸክማለች። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልመጣ ደግሞ የፕሮፔለሩ የውስጥ ላስቲክ ተንሸራቷል፤ በላስቲኩና በብረቱ ላይ አንድ መስመር በቀለም አስምራችሁ ከነዳችሁ በኋላ መስመሩ ተለያይቶ እንደሆነ እዩ። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጁ በዝቷል፤ አምራቹ ለከፍታ የሚያወጣው አነስ ያለ የካርቡራተር ጄት (የነዳጅ ማለፊያ ቀዳዳ) ይገጠም። እንዲህ የተስተካከለ ሞተር ወደ ጋምቤላ ወደ ባሮ ከተወሰደ ግን ጄቱ መመለስ አለበት፤ ከ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነዳጅ አንሶት ፒስቶን ያቃጥላል።

ይነሳል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ይጠፋል

መጀመሪያ የታንኩን ክዳን የአየር ብሎን ክፈቱ። ተዘግቶ ከሆነ ነገሩ አልቋል። ካልሆነ ሞተሩ መድከም ሲጀምር ቱቦው ላይ ያለችውን የላስቲክ ኳስ ጭመቁ፤ ከተነቃቃ የነዳጅ ፓምፑ ወይም አየር የሚያስገባ ቱቦ ነው፤ ካልተነቃቃ ካርቡራተሩ ይወረድ። በየሰው እጅ ያለፈ ቤንዚን ከገዛችሁ በባዶ ሃይላንድ ቀድታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ውሃ ካለው ከታች ተለይቶ ይታያል። ዘይቱ ለጀልባ ሞተር የተሠራ ይሁን። ልኩን ከሞተሩ መመሪያ ውሰዱ፤ 50 ለ1 ከተባለ በ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ነው።

ይግላል

ከሞተሩ ጎን የምትወጣው የውሃ ክር ከቀጠነች ወይም ከጠፋች ወዲያው አጥፉ። በቅድሚያ የእግሩን የውሃ መግቢያ ወንፊት እዩ፤ እምቦጭ ባለበት ቦታ ሥሩ ይደፍነዋል። ወንፊቱ ንጹሕ ከሆነ የውሃ ፓምፑ ላስቲክ ክንፍ አልቋል። እግሩን ፈታችሁ ቀይሩት፤ ከአሮጌው የጎደለ ቁራጭ ካለ ግን እስኪገኝ ፈልጉ፣ ያለበለዚያ ከላይ መንገዱን ይዘጋል። ቴርሞስታቱን በድስት ውሃ ፈትኑ፤ ብዙዎቹ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይከፈታሉ። ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ውሃው ሲፈላ ገና ያልተከፈተ ቴርሞስታት ይጣላል። ያለ ውሃ ሞተሩን ለአፍታም ቢሆን አታስነሱ።

የማርሽ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቷል

ውሃ ገብቷል። በጣና ዋናው መንስኤ የዓሣ መረብ ነው። የናይለን ክሩ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ዘንጉ ላይ ይጠቀለላል፣ ሲሉን (የዘንጉን የላስቲክ ማሸጊያ) ይቆርጣል። ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ ክሩን በሙሉ ልቀሙ፣ ሲሉን ቀይሩ፣ አዲሱን ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ ከላይኛው እስኪወጣ ሙሉ። ከላይ ከተሞላ አየር ይታሰራል። ይህን ሥራ ችላ ማለት ማርሹንና ኩሽኔታዎቹን ያስከፍላል። በየወሩ ፕሮፔለሩን አውልቆ ማየት ነጻ ነው።

ወጪው

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ዕቃ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም። ስለዚህ መጠን ይዛችሁ ውጡ፣ ዋጋውን በዕለቱ ጠይቁ። የኋላ ግድግዳ፣ ወለልና አራት ተሸካሚ ለመቀየር፦ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 1 ሉክ፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር 2 ሉክ፣ ባለ 450 ግራም ምንጣፍ 35 ካሬ ሜትር (16 ኪሎ ያህል)፣ ሬዚን ከ45 እስከ 50 ኪሎ፣ ማድረቂያ 1 ሊትር፣ አሴቶን 10 ሊትር፣ ኢፖክሲ 2 ኪሎ፣ ሲካፍሌክስ 4 ቱቦ፣ የማይዝጉ ብሎኖች። ለምንጣፉ የሚሄደው ሬዚን ከክብደቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው፣ የቀረው ለማጣበቂያ ነው፤ ለሌላ ርዝመት በዚሁ አስሉት። ልምድ ላላቸው ሁለት ሠራተኞች ከሦስት እስከ አራት ሳምንት፣ እንጨቱና ፋይበሩ የሚደርቁበትን ጊዜ ሳይጨምር። በተሰላው ላይ 30 በመቶ ጨምሩ፤ ወለል ሲከፈት ያልታሰበ ነገር ሁልጊዜ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ አዲስ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ዋጋ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ ቀፎዋ (አካሏ) ተበላሽቶ ሞተሯ ጤነኛ የሆነች ጀልባ መግዛት ያዋጣል። ቀፎዋ አምሮ ሞተሯ ከተበላሸ ግን የሞተሩን ዋጋ ከመግዣው ቀንሱ። ሁለቱም የሞቱባት በነጻ ብትሰጥም አትወሰድ።

ወደ ውሃ ስትመለስ

ጠዋት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ የስኪ ጀልባ ጎኗ ዝቅተኛ ነው፣ የተሠራችውም ለጸጥተኛ ውሃ ነው። ዘጌ ድረስ አትሂዱ፤ ከዳር ሳትርቁ፣ የሕይወት ጃኬት ለብሳችሁ፣ መቅዘፊያና ውሃ መጭለፊያ ይዛችሁ ለአንድ ሰዓት ንዱ። መልሳችሁ አውጡና የማፍሰሻውን ቡሽ ፍቱ፤ ከአንድ ኩባያ በላይ ውሃ ከወጣ ፍሳሹን ፈልጉ። ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ የሞተሩን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ፣ የማርሽ ዘይቱን ጠብ አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ። የውጭ ቀለሙ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ሬዚኑ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ይቀባል።