ሂት ፓምፕ ሲተከል፦ ከመጠን ምርጫ እስከ ጋዝ መልቀቅ

ሂት ፓምፕ፣ ቤት የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ፣ ሙቀት አያመነጭም። በቱቦ በሚዘዋወር ጋዝ አማካይነት ሙቀቱን ከውጭ አየር ሰብስቦ ወደ ቤት ያስገባል፤ ማቀዝቀዝ ሲፈለግ ዑደቱን ገልብጦ ያስወጣዋል። በ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ውጭው በቀዘቀዘ ቁጥር ግን ትርፉ ይቀንሳል።

መጠን ሲመረጥ ትልቁ ይሻላል ማለት ስሕተት ነው። ከልክ ያለፈ መሣሪያ ክፍሉን ቶሎ አሙቆ ይጠፋል፣ ወዲያው ይነሣል፤ ኮምፕረሰሩን (ጋዙን የሚያምቀውን ሞተር) የሚጨርሰውም ይኸው ነው። ሲያቀዝቅዝም እርጥበቱን በቅጡ ሳያወጣ ይቆማል። መጀመሪያ የበርና የመስኮት ክፍተት ድፈኑ፤ ከዚያ በጣም በሚበርደው ሌሊት ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከመስኮት የሚያመልጠውን ሙቀት በኪሎዋት አስሉ። በጉልህ የሚጻፈው አቅም አብዛኛውን ጊዜ ውጭው 7 ዲግሪ ሲሆን የተለካ ስለሆነ፣ በዚያ ሌሊት ቅዝቃዜ የሚሰጠውን ከአምራቹ ሠንጠረዥ ፈልጉ።

የመሣሪያውን የውጭ ክፍል ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ የተፋው አየር ተመልሶ በማይገባበት ቦታ አስቀምጡ። ቤት ውስጥ የሚሰቀለው የመሣሪያው ክፍል የውኃ ማስወገጃ ቱቦ በየሜትሩ 1 ሴንቲሜትር ያህል ይዘቅዝቅ። መሐሉ ላይ ከጎበጠ ውኃው ቤት ውስጥ ይንጠባጠባል።

አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው ሁለቱን ክፍሎች በሚያገናኙት፣ ጋዙ በሚያልፍባቸው የመዳብ ቱቦዎች ላይ ነው። በመጋዝ ሳይሆን በቱቦ መቁረጫ ቁረጡ፤ ጠርዙን ስትሞርዱ አፉን ወደ ታች ድፉት፣ ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። አፉን ከማስፋታችሁ በፊት ዳዶውን አስገቡ (ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው)። ዳዶውን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጥብቁ፦ ለሩብ ኢንች ቱቦ ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፣ ለ3/8 ኢንች ከ34 እስከ 42። ከልክ በላይ የጠበቀ ዳዶ አፉን ይሰነጥቃል፤ ጋዙም ቀስ እያለ ያልቃል። ሁለቱንም ቱቦዎች ለየብቻ በሙቀት መከላከያ ሽፋን ጠቅልሉ።

ጋዝ የሚነካውን ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ የሚዘዋወረው አር-32 የተባለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ልቀት የሚፈተሸው በደረቅ ናይትሮጅንና በሳሙና አረፋ ነው። ኦክስጅን ፈጽሞ አይሞከርም፣ ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ቀጥሎ በቫኪዩም ፓምፕ (አየር መጣጭ) የቱቦው ውስጥ ግፊት ከ500 ማይክሮን (የዝቅተኛ ግፊት መለኪያ) በታች ይወርድና ፓምፑ ተዘግቶ 10 ደቂቃ ይጠበቃል። ቁጥሩ ጥቂት ወጥቶ ከቆመ ውስጥ እርጥበት አለ፤ ሳያቋርጥ ከወጣ ቱቦው ያፈሳል። ጋዙን ወደ ቱቦው የሚለቀው ቫልቭ የሚከፈተው ቁጥሩ ባለበት ሲረጋ ብቻ ነው።

ሥራ ከጀመረ በኋላ በብርድ ቀን የውጭው ክፍል አመዳይ ቢይዝ፣ ለጥቂት ደቂቃም ማሞቁን አቁሞ ቢተን አትደንግጡ፤ በረዶውን እያቀለጠ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ እየወፈረ ከሄደ ግን የጋዝ መጠኑንና የበረዶ መለኪያ ሴንሰሩን አስፈትሹ።