ከመኖ ቁጥቋጦ ጥሩ ሳይሌጅ እንዴት ይዘጋጃል? የባክቴሪያና የፉርሽካ አጠቃቀም

እንደ ሉኪኒያና ሞልበሪ ያሉ የመኖ ቁጥቋጦዎች በፕሮቲን የበለጸጉ ቢሆኑም፣ እንደ በቆሎ በቀላሉ ወደ ጥሩ ሳይሌጅ (አየር እንዳይገባው ታሽጎ፣ ባክቴሪያዎች በሚፈጥሩት አሲድ ኮምጥጦ ወደሚቆይ እርጥብ መኖ) አይለወጡም። የሚሟሟ ስኳራቸው አነስተኛ ሲሆን፣ ፕሮቲናቸውና ማዕድናቸው ደግሞ የሚፈጠረውን አሲድ ስለሚያረግቡት የመኖው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ቶሎ አይወርድም። ፒኤቹ ሳይወርድ በቆየ ቁጥር ክሎስትሪዲየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲዱን ወደ ቢዩትሪክ አሲድ፣ ፕሮቲኑን ወደ አሞኒያ እየለወጡ መኖውን ያገሙታል።

ሥራው የሚጀምረው ቅጠሉንና ለጋ ቅርንጫፉን በመቁረጥ ነው። ጠንካራ ግንድ ሲታጨቅ አየር ይይዛል፣ ላስቲክም ይበሳል። የተቆረጠው ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይከተፋል።

ቀጥሎ እርጥበቱ ይፈተሻል። ከተከተፈው ላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አጥብቆ መጨበጥ፣ ከዚያም እጅን መክፈት ነው። በጣቶች መካከል ውሃ ከተንጠባጠበ እርጥበቱ በዝቷል፤ ሳይንጠባጠብ ቀስ ብሎ ከተፈታ ተስማሚ ነው፤ ወዲያው ከተበተነ ደርቋል። የሚፈለገው ደረቅ ክፍል፣ ማለትም ከመኖው ውሃው ቢወጣ የሚቀረው፣ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። ደረቅ ክፍሉ 25 በመቶ በሆነ 100 ኪሎ ግራም ቅጠል ላይ 10 ኪሎ ግራም ደረቅ የስንዴ ፉርሽካ ቢጨመር፣ የድብልቁ ደረቅ ክፍል ወደ 31 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ቅጠሉ አስቀድሞ ጠውልጎ ከሆነ ግን ይህን ያህል ፉርሽካ ማባከን አያስፈልግም።

ፉርሽካ የስኳርን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይተካል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። በውስጡ ያለው ጉልበት ሰጪ ንጥረ ነገር በአብዛኛው ስታርችና አሰር ሲሆን፣ መኖውን የሚያኮመጥጡት አብዛኞቹ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ስታርችን በቀጥታ አይጠቀሙበትም። ስለዚህ ስኳሩ በጣም አነስተኛ ለሆነ ቁጥቋጦ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሆነ ጣፋጭ ዝቃጭ) ቢታከል ይመረጣል፤ የሚበላው ያጣ ባክቴሪያ ቁጥሩ ቢበዛም አሲድ ሊሠራ አይችልምና።

መኖው ቶሎ እንዲኮመጥጥ የሚጨመረው ባክቴሪያ እንደ ዓላማው ይመረጣል። ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ፒኤችን በፍጥነት ያወርዳል፤ ላክቶባሲለስ ቡክነሪ ደግሞ አሴቲክ አሲድ በመፍጠር ሳይሌጁ ከተከፈተ በኋላ እንዳይሞቅና እንዳይሻግት ይረዳል። በአንድ ግራም እርጥብ መኖ ላይ ቢያንስ 100,000 ሕያው ባክቴሪያ እንዲደርስ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠን ክሎሪን በሌለበትና ባልሞቀ ውሃ ይበጠበጣል። ክሎሪን ባክቴሪያውን ስለሚገድል የቧንቧ ውሃን እንደተቀዳ መጠቀም አይገባም። ብጥብጡ ሳይቆይ በተከተፈው ላይ በመርጫ እየተረጨ፣ ፉርሽካውም እየተነሰነሰ በደንብ ይገለባበጣል። በአንድ ቦታ የተከመረ ፉርሽካ እርጥበቱን ለብቻው ይመጥና ሌላውን ረግረግ አድርጎ ይተወዋል።

ድብልቁ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ስስ ንብብር እየተጨመረ አየሩ እስኪወጣ በደንብ ይጠቀጠቃል፣ በዚያው ቀንም ይታሸጋል። ቡክነሪ ሥራውን የሚሠራው ዘግይቶ ስለሆነ ከ45 እስከ 60 ቀን መጠበቅ ይገባል።

ሲከፈት መልካም የኮመጠጠ ሽታ ያለውና ቀለሙ ወደ ወይራ አረንጓዴ ያደላ፣ በፒኤች ወረቀት ሲለካም ከ4.2 እስከ 4.5 አካባቢ የሚያሳይ ከሆነ ተሳክቷል። የሻገተው ክፍል ለከብት አይሰጥም። ሉኪኒያ ሚሞሲን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ሳይሌጁ የቱንም ያህል ቢያምር ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ፣ በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እየተጨመረ ይቀርባል።