ጎማ ከመግዛትህ በፊት ልደቱን እይ

መኪና የምንወድ ሰዎች ጎማ ስንገዛ ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ስሙና ወደ ጥርሱ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የተመረተበትን ጊዜ ነው። ጎማው ጎን ላይ ‹ዶት› (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለውን የፊደልና የቁጥር ኮድ ፈልግ። የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች ናቸው ቁም ነገሩ። ለምሳሌ 3523 ካለ፣ በፈረንጆቹ 2023 በ35ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። አንዳንዴ እነዚህ አሃዞች በአንዱ ጎን ብቻ ነው የሚጻፉት፤ ካጣሃቸው ጎማውን አገላብጠው።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ሙቀት፣ ፀሐይና አየር ቀስ በቀስ ያደርቁታል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ስንጥቅጥቅ ያለ ጎማ አይተህ ይሆናል። እንዲህ ያለው በእርጥብ መንገድ ላይ አጥብቆ አይይዝም፣ በፍጥነት ስትነዳም ሊፈነዳ ይችላል። የጎማ አምራቹ ሚሽሊን ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ 10 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ደህና ቢመስልም እንዲቀየር ይመክራል።

አራቱንም ተመልከት፤ አንዱን አይቶ ሌሎቹን ማመን ጥሩ አይደለም። ያገለገለ መኪና ስትገዛም ኮፈኑን ከመክፈትህ በፊት ጎማዎቹን አንብብ። መጠባበቂያ ጎማውንም አትርሳ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያረጀው እሱ ነው።