የእሁድ ሩጫችሁን ችግኝ ጋ አድርሱት

በቡድን የምትሮጡ ካላችሁ፣ መዞሪያችሁን ክረምት ላይ ችግኝ የተተከለበት ቦታ አድርጉት። ለንደን ውስጥ ጉድጂም የሚባሉት ሯጮች እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ሮጠው አትክልት ቦታ ይደርሳሉ፣ ሠርተው እየሮጡ ይመለሳሉ።

እኛ አገር ችግኙን የሚፈጀው በጋው ነው። ከኅዳር ጀምሮ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ ተሸክማችሁ ግን አትሩጡ፤ ጀሪካኑን ቀድማችሁ እዚያው ጥበቃው ጋ አስቀምጡ። በግንዱ ዙሪያ አፈሩን እንደ ሳህን ጎድጎድ አድርጉና ቀስ እያላችሁ አጠጡ። ቸኩላችሁ ከደፋችሁት ላይ ላዩን ፈሶ ይቀራል። ከዚያ ግንዱን ሳታስነኩ ደረቅ ሣር አልብሱት፤ እርጥበቱን ይይዝለታል።

ስትኮተኩቱ ከመጎንበስ ቁጢጥ ማለት ይሻላል፣ ከሩጫ በኋላ ወገብ ቶሎ ይያዛል። ሹራብም ያዙ። ላባችሁ ሳይደርቅ ቆማችሁ ስትሠሩ ብርድ ይመታችኋል፣ በተለይ እንጦጦ አካባቢ ከሆናችሁ።