ትርታው ተመለሰ? የልብ ፓምፕ ቁጥሮች ሲለወጡ

አጎቴ ውጭ አገር የልብ ፓምፕ ተተክሎላቸው ደብረ ብርሃን ከገቡ ጀምሮ ባለቤታቸው በየማለዳው የእጃቸውን አንጓ እየያዙ ትርታ ይፈልጋሉ። ፓምፑ ደሙን ያለማቋረጥ ስለሚገፋ ትርታ ላይገኝ እንደሚችል ተነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን መፈለጉን አልተዉም። በሁዳዴ አጋማሽ አንድ ቀን ጣታቸው ሥር የሆነ ነገር መታ። እልልታው ጎረቤት ተሰማ። እኔም ነርስ ነኝና ሮጬ ፓምፑን የሚቆጣጠረውን፣ ከሰውነት ውጭ የሚያዘውን መሣሪያ (ኮንትሮለሩን) ቁልፍ ብጫን ፒአይ የሚባለው ቁጥር ከ3 ወደ 6 ወጥቷል፤ ፍሰቱ ደግሞ ከ4.5 ሊትር ወደ 3.4 ወርዷል። እልልታው ትንሽ ይቆይ አልኩ።

እዚህ የምጽፈው ሀርትሜት 3 ለሚባለው የፓምፕ ዓይነት ነው። ማሳያው ላይ አራት ቁጥር አለ፦ ሐኪም የሚወስነው ፍጥነት፣ በዋት የሚለካው ኃይል፣ በደቂቃ ስንት ሊትር ደም እንደሚያልፍ የሚገምተው ፍሰት፣ እንዲሁም ፍሰቱ በየምቱ ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንደሚል የሚያሳየው ፒአይ።

ምልክት፦ ፒአይ ወጣ፣ ፍሰት ወረደ

ልብ ሲበረታ ፒአይ ይወጣል፤ ልቡ ሲጨመቅ ወደ ፓምፑ የሚገባውን ደም አብሮ ይገፋልና። ፈሳሽ ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀምም ይወጣል። ፍሰቱ አብሮ ከወረደ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደም ግፊት ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ግፊት ሲከብድ ፓምፑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያሳልፈው ደም ያንሳል። ይህን "ልቡ አገገመ" ብሎ ማለፍ ለአንጎል ደም መፍሰስ በር መክፈት ነው።

ስለዚህ ግፊት ይለካ። ተራው የግፊት መለኪያ ብዙ ጊዜ አይሠራላቸውም፤ ክንዱ ታስሮ የደሙን ፍሰት በድምፅ በሚያሰማው መሣሪያ፣ በዶፕለር ነው የሚደመጠው። አማካዩ ግፊት (በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው) ከ90 እንዳያልፍ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ትርታ በእጅ ከተገኘ፣ በዶፕለር የተገኘው ቁጥር አማካዩን ሳይሆን ወደ ላይኛው ግፊት የቀረበውን ነው የሚያሳየው። ያንን እንደ አማካይ ቆጥሮ መድኃኒት መጨመር ሰውን ይጥላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲመዘገብ "ትርታ ነበረ" ወይም "አልነበረም" ተብሎ አጠገቡ ይጻፍ።

የአጎቴ ተገኘ 128፣ ትርታ ነበረ። ይህን እያሰብኩበትም ከለመዱት በጣም የራቀ ነበር። "ጋሼ፣ ኪኒኑን በስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?" አልኳቸው። ዝም አሉ። ጠዋት የሚዋጠውን የግፊት ኪኒን ጾም እንዳይገድፉ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፍተውት፣ አንዳንዴም ጨርሰው ረስተውት ኖሯል። መፍትሔው የንስሐ አባታቸው ነበሩ፤ መጥተው "ለሕመምተኛ ተፈቅዷል" አሏቸውና ኪኒኑ ወደ ጠዋቱ ተመለሰ። በሳምንቱ ፒአይ ወደ 4፣ ፍሰቱም ወደ ቦታው መጣ። ትርታው ግን ስስ ሆኖ ቀረ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ምልክት፦ ፒአይም ፍሰትም ወረዱ

ፍሰቱ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 ሊትር ሲወርድ ኮንትሮለሩ ይጮኻል። ተቅማጥ፣ ውኃ ሳይጠጡ መዋል፣ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ በላብ መጠመቅ ደሙን ያሳንሰዋል። ይተኙ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ለሕክምና ቡድኑ ይደወል። ሰገራው ከጠቆረ ግን የአንጀት መድማት ሊሆን ይችላልና ሆስፒታል ነው የሚኬደው። እግር ካበጠና የአንገት ደም ሥር ከተገተረ ደግሞ ውኃ አይሰጥ፤ የቀኝ ልብ ደክሞ ደሙን ወደ ግራ ማድረስ አቅቶት ይሆናል።

ምልክት፦ ኃይል እየጨመረ ሄደ

በዚህ ላይ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ፓምፑ ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናል። ሳይታደር ሆስፒታል።

ምልክት፦ አይኤንአር ይዋዥቃል

አይኤንአር ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በጾም ጎመን በጎመን ሲሆን በጎመኑ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያደክመዋል፤ ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ ይቀርና ደሙ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ጎመን አልተከለከለም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አንድ ዓይነት ይሁን።

ምልክት፦ ሰውየው ደህና ነው፣ የፍሰቱ ቁጥር ግን ግራ ያጋባል

ፍሰቱ የሚሰላው ከኃይልና ከፍጥነት ሌላ ከደሙ ውፍረት ነው። ሐኪሙ ሄማቶክሪቱን፣ ማለትም ከደሙ ስንት እጁ ቀይ ሕዋስ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር፣ መሣሪያው ላይ ያስገባዋል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና ከቆላ አገር የመጣ ሰው ደሙ እየወፈረ ይሄዳል፣ ግምቱም ይዛባል። ደሙ ይመርመርና ውጤቱ ለቡድኑ ይላክ።

ስለ ጠበልና ስለ መብራት አጭር ነገር ልበል። በጠበል መነከር የለም፣ የፓምፑ ገመድ ከሆድ የሚወጣበት ቁስልና ኮንትሮለሩ ውኃ አይወዱም፤ መጠጣት ይቻላል። መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ የተሞላ ትርፍ ባትሪ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድም አይለይ። ሁለቱም የኃይል ገመዶች በአንድ ጊዜ አይነቀሉ።

አሁን ወደ ትርታው። ልብ ማገገሙ የሚታወቀው በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ነው። ሐኪሞች መጀመሪያ አይኤንአሩ በቂ መሆኑን ያያሉ፣ ደሙ ሲዘገይ እንዳይረጋ፤ ከዚያ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየቀነሱ ግራው ልብ እንዳይለጠጥና የመጨመቅ አቅሙ እንዳይወርድ ይከታተላሉ። ይህን ቤት ውስጥ መሞከር አይታሰብም፤ ፓምፑ ቫልቭ ስለሌለው ከቆመ ደሙ በእሱ በኩል ወደ ልብ ይመለሳል። ተስፋው ግን ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ልባቸው የደከመው በደም ሥር መዘጋት ካልሆነ 40 ሕመምተኞች ውስጥ 16ቱ በጠንካራ መድኃኒትና በተደጋጋሚ ኢኮ ታግዘው ፓምፑን አስወጥተው በራሳቸው ልብ ቆይተዋል።

አጎቴ ለቀጠሮ ተመልሰው ሲሄዱ ይኸው ተደረገላቸው። የልባቸው መውጫ ቫልቭ በየምቱ ይከፈታል፣ ትርታው እውነት ነበር። ፍጥነቱ ሲቀነስ ግን ልቡ ተለጠጠ፤ ወደ ነበረበት መለሱት። በስልክ ሲነግሩኝ ባለቤታቸው ከጎን ሆነው "ስድስት ወር ጠብቁ ብለዋል፣ እስከዚያ አንጓቸውን አለቅም" ይላሉ።