ፎስፌት ሲበዛ ደም እንዳይረጋ፦ ለኩላሊት ታማሚ ቤተሰብ

ደሴ ውስጥ የኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ነኝ። ከሐይቅ፣ ከኩታበር፣ ከወረኢሉ ታማሚ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች የውሃና የጨው ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከምግብ ወደ ደም ስለሚገባው ማዕድን፣ ስለ ፎስፌት፣ የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም ነው፤ ያሳስበኛል።

የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ ፎስፌት ወይም ፎስፈረስ የሚለውን ፈልጉ። ለአዋቂ ሰው ጤናማው መጠን በዴሲሊትር ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ኩላሊት ሲደክም ትርፉን ማስወጣት ያቅተዋል። የተጠራቀመው ፎስፌት የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል፤ ከዚያ የሚረግፉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ደም እንዲረጋ ይገፋፋሉ። ከካልሲየም ጋር ተጣብቆም ሥሩን ያደድረዋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው እንኳ በምግብ የገባውን ሁሉ በማሽን አያወጣውም።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ገበታ ላይ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ወይም ሴቬላመር የታዘዘለት ሰው ኪኒኑን ከምግብ ጋር ይዋጥ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው አንጀት ውስጥ የምግቡን ፎስፌት ይዞ በማስቀረት ነው። ብዙው ሰው ትዝ የሚለው በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ አቦል ሲቀዳ ነው። ያኔ ጥቅሙ ቀንሷል። አንዲት የሐይቅ እናት ኪኒናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዛሉ። መሶቡ ሲከፈት ቋጠሮውን ይፈታሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሰው ኪኒኑን ይውጡና መብላታቸውን ይቀጥላሉ። እንደሳቸው አድርጉ።

ሽሮና ምስር ሙሉ በሙሉ አትከልክሉ፤ የጥራጥሬ ፎስፌት ሰውነት ውስጥ የሚገባው በከፊል ነው። ኮላ ለስላሳ ግን ፎስፎሪክ አሲድ ስላለበት ይቅር። ጉበት፣ ዱለት፣ አይብና ወተት ይቀነሱ። ከቡና ጋር የሚቀርበው ለውዝም እንዲሁ።

የኪኒኑን ቁጥር በራሳችሁ አትጨምሩ። ፎስፌት እጅግ ሲወርድ፣ ለምሳሌ በረሃብ የቆየ ሰው በድንገት ብዙ ሲመገብ፣ ደም የሚያቆሙት ፕሌትሌቶች ጉልበት ሊያጡና መድማት ሊመጣ ይችላል።

ክንዱ ላይ ለእጥበት የተሠራ ፊስቱላ (በቀዶ ጥገና የተገናኙ የደም ሥሮች) ያለው ሰው ደግሞ ጠዋትና ማታ ጣቱን ያሳርፍበት። ጤነኛ ከሆነ ከቆዳው ሥር ንዝረት ይሰማል። በዚያ ክንድ ደም ግፊት አይለካ፣ ከባድ ነገርም አይንጠልጠል። ንዝረቱ ከጠፋ ደሙ ረግቶ ሊሆን ስለሚችል አትሹት፤ የእጥበቱን ተራ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ኑ፤ ቶሎ ከተደረሰ መስመሩን የመክፈት ዕድል አለ።